ፊዚክስ 3ኛ አመት ነኝ፣ ወደ ቲዎሪ ለመቀጠል ከማትስ ዲፓርትመንት የትኞቹን ኮርሶች ልውሰድ?

ህልመኛዋ_ፎቶን፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ፊዚክስ ነው ምማረው፣ 3ኛ አመት ላይ ነኝ፣ ከዲግሪ በኋላ ቲዎሪቲካል መቀጠል ነው ምፈልገው፣ በተለይ ጄኔራል ሪላቲቪቲ እና ኳንተም ፊልድ ቲዎሪ ሚባሉትን (እውነቱን ለመናገር አሁን ላይ ከስማቸው ብዙም አላልፍም ግን ስለነሱ ሳነብ ሰአቱ አይታወቀኝም)። ዲፓርትመንታችን ከማትስ እስከ ሶስት ኮርስ በኢሌክቲቭ መውሰድ ትችላላችሁ ብሎናል። ካልኩለስ እስከ 3 ጨርሻለሁ፣ ሊኒየር አልጀብራ 1 እና ኦርዲናሪ ዲፈረንሻል ኢኴሽንም ወስጃለሁ፣ ማቲማቲካል ሜተድስ ኦፍ ፊዚክስ 1ን ደሞ አሁን እየተማርን ነው። ከፊቴ ያሉት ምርጫዎች ሊኒየር አልጀብራ 2፣ ሪል አናሊሲስ፣ ኮምፕሌክስ ቫሪያብልስ፣ ሞደርን አልጀብራ፣ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኴሽን፣ ቶፖሎጂ፣ ኒውመሪካል አናሊሲስ እና ፕሮባቢሊቲ ናቸው። ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪ ካታሎጉ ላይ አለ ግን ሚያስተምረው ሰው የለም ተብሏል።

ሲኒየሮችን ስጠይቅ ግማሹ "ማትስ ዲፓርትመንት ሄደሽ ፕሩፍ ስትሸመድጂ ልትከርሚ ነው፣ ጂፒኤሽን አትግደይው" ይለኛል፣ ግማሹ ደሞ "ቶፖሎጂ ካልወሰድሽ ስትሪንግ ቲዎሪን እርሺው" ይለኛል፣ አንዱ ጭራሽ ሜተድስ 1 እና 2 ይበቃሻል ሌላው ትርፍ ድካም ነው አለኝ። እኔ ምለው፣ ሶስት ብቻ ምረጡ ብትባሉ የቱን ትመርጣላችሁ? ደሞ ለምን ሚለውን ንገሩኝ፣ ዝርዝርማ ሞልቶኛል።

ሀሚልቶንያን፦

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። ጀርመን ነው ያለሁት፣ ዶክትሬቴን በፓርቲክል ቲዎሪ እየሰራሁ ነው፣ ስለዚ ምልሽ ነገር በየቀኑ እጄ ላይ ካለው ስራ ተነስቼ ነው።

ሊኒየር አልጀብራ 2 ላይ ምንም አታመንቺ። 1 ላይ ያየሽው ሮው ሪዳክሽን፣ ዲተርሚናንት፣ ሲስተም መፍታት ነው፣ እሱ ስሌት ነው። 2 ላይ ነው ቬክተር ስፔስ ራሱን ችሎ ሚመጣው፣ ዱዋል ስፔስ፣ ኢነር ፕሮዳክት፣ ስፔክትራል ቲዎረም፣ መምህሩ ከበረታ ደሞ ቴንሰር ፕሮዳክት። ኳንተም ላይ ብራ እና ኬት እያሉ ሲያደናግሩሽ ብራ ማለት እኮ ዱዋል ስፔስ ውስጥ ያለ ቬክተር ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። አስር ስፒን ሃፍ ፓርቲክሎች አንድ ላይ ስታደርጊ ደሞ ዳይሜንሽኑ 20 ሳይሆን 1024 ነው ሚሆነው፣ ምክንያቱም ስፔሶቹ አይደመሩም፣ በቴንሰር ፕሮዳክት ነው ሚጣመሩት። ኢንታንግልመንት ተብሎ ሰው ሚደነቅበት ነገር በሙሉ መነሻው እዚች ጋር ነው።

አንድ ነገር ደሞ በወረቀት ሞክሪ። የኤክስ (ፖዚሽን) እና የፒ (ሞመንተም) ኮሙቴተር፣ ማለትም ኤክስ ፒ ሲቀነስ ፒ ኤክስ፣ አይ ኤች ባር ነው ተብለሻል አይደል? እሺ፣ የማንኛውም ሁለት ፋይናይት ማትሪክስ ኮሙቴተር ትሬሱ (የዲያጎናሉ ድምር) ዜሮ ነው፣ ሁለት መስመር ፕሩፍ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ግን አይ ኤች ባር ሲባዛ በአይደንቲቲ ስለሆነ ትሬሱ ዜሮ አይደለም። ስለዚ ኤክስ እና ፒ መቶ በመቶም ይሁን ሚሊየን በሚሊየን ፋይናይት ማትሪክስ ሊሆኑ አይችሉም! በ1925 ሃይዘንበርግ የደረሰባቸው ሰንጠረዦች ማትሪክስ መሆናቸውን የለየው ማክስ ቦርን ነበር፣ መጨረሻ የሌላቸው ማትሪክሶች። ሜተድስ ኮርስ ላይ ይሄን ማንም ቁጭ ብሎ አይነግርሽም፣ ቀመሩን ሰጥቶሽ ያልፋል።

ሁለተኛ ኮምፕሌክስ ቫሪያብልስ። የዚህን ጥቅም ቶሎ ነው ምታይው። ፊልድ ቲዎሪ ገና ሲጀመር ፕሮፓጌተር ሚባል ኢንቲግራል ይመጣል፣ ችግሩ ኢንቲግራሉ ሚሄድበት መስመር ላይ ሁለት ፖል (ፈንክሽኑ ኢንፊኒቲ ሚሆንባቸው ነጥቦች) ተገትረው ይጠብቁሻል። በላያቸው ነው ምታልፊው በታቻቸው? ምርጫሽ ፊዚክሱን ይቀይረዋል፣ ሁለቱንም በአንድ ወገን ካለፍሻቸው ውጤት ከምክንያቱ ቀጥሎ ሚመጣበትን ታገኛለሽ፣ በሌላው ወገን ካለፍሽ ተገላቢጦሹን፣ አንዱን በላይ አንዱን በታች ካልሽ ደሞ የፋይንማንን። ሪዚዱ ቲዎረምን (ኢንቲግራሉን ከፖሎቹ ተነስቶ ሚያሰላውን) እጅሽ ካልለመደው እዛው ነው ምትቀሪው። ከዛ በፊትም ቢሆን ኤሌክትሮዳይናሚክስ ላይ የክራመርስ እና የክሮኒግ ሪሌሽን ይመጣብሻል፣ እነሱ በ1920ዎቹ ያሳዩት ብርሃን እቃ ውስጥ ሲያልፍ ሚዋጠው እና ሚሰበረው መጠን እንደሚተሳሰሩ ነው፣ ምክንያቱም ምላሽ ከመንስኤው ስለማይቀድም ፈንክሽኑ አናሊቲክ መሆን አለበት። አንድ የሂሳብ ባህሪ ከአንድ የተፈጥሮ ህግ ጋር እንዲ ገጥሞ ማየት ለኔ በጣም ደስ ይለኛል።

ሶስተኛው ላይ ሰው ይለያያል። ሞደርን አልጀብራ ስሙ ያታልላል፣ ግሩፕ አለበት ሲባል ፊዚክስ ምትጠቀምበት ግሩፕ ቲዎሪ ይመስልሻል፣ ግን ሴሚስተሩ በፋይናይት ግሩፕ፣ በሪንግ እና በፊልድ ነው ሚያልቀው (ፊልዱም የኛ ፊልድ አይደለም ሃሃ)። ለኛ ሚያስፈልገው ሊ ግሩፕ (Lie፣ እንደ ሮቴሽን ያለ ያለማቋረጥ ሚለዋወጥ ሲሜትሪ) እና ሪፕረዘንቴሽን ነው፣ እሱ እዛ ኮርስ ውስጥ የለም። እኔ ብሆን ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኴሽን እወስዳለሁ፣ ግሪን ፈንክሽን እና ስቱርም ሊዩቪል በደንብ ካለበት።

ቡና_ጠጪው፦

ሶስቱንም አካውንቲንግ ውሰጂ እህት፣ በኋላ ታመሰግኚኛለሽ

ሀሚልቶንያን፦

@ቡና_ጠጪው አንተ እሱን ተምረህ አይደል ቀኑን ሙሉ እዚ ፊዚክስ ገጽ ላይ ምትውለው

ኤፕሲሎን፦

ማትስ ነው ማስተምረው፣ የፊዚክስ ልጆችም በየጊዜው ክላሴ ይገባሉ፣ ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን ልናገር። ስለ ሊኒየር አልጀብራው ሀሚልቶንያን ያለው ልክ ነው፣ ግን ልጄ አንድ ነገር አጣሪ፣ ኮርስ አውትላይኑን ከዲፓርትመንቱ ወስደሽ እይው። በአንዳንድ ቦታ ሊኒየር አልጀብራ 2 ሙሉውን በጆርዳን ፎርም እና በካኖኒካል ፎርም ያልቅና ኢነር ፕሮዳክት ስፔስ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ይነካል ወይ ጭራሽ ይቀራል። እንደዛ ከሆነ መምህሩን ቀድመሽ አናግሪው፣ ተማሪ ይሄን እፈልጋለሁ ብሎ ሲመጣ ደስ ማይለው መምህር አላውቅም።

ሶስተኛው ላይ ግን ከሀሚልቶንያን ጋር አልስማማም፣ ሪል አናሊሲስ ነው። አናሊሲስ ለፊዚክስ ሰው ቅንጦት ነው ሚባለውን ስሰማ ሁሌ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ኢንፊኒት ዌል ሰርታችኋል፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ፓርቲክል፣ ጫፎቹ ላይ ዌቭ ፈንክሽኑ ዜሮ ነው። የሞመንተም ኦፕሬተሩ አይገን ፈንክሽን እዛ ሳጥን ውስጥ ምንድነው? ተማሪው ሁሉ ቶሎ ብሎ ኢ ቱ ዘ አይ ኬ ኤክስ ይላል። እሱ ፈንክሽን ግን የትም ቦታ ዜሮ አይሆንም፣ ስለዚህ ባውንደሪ ኮንዲሽኑን አያሟላም፣ ስለዚህ አንድም አይገን ፈንክሽን የለውም። እንዴት ሆኖ? ኸርሚሺያን ኦፕሬተር አይደል እንዴ? መልሱ ሲሜትሪክ መሆን እና ሴልፍ አድጆይንት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፋይናይት ዳይሜንሽን ላይ አንድ ስለነበሩ ነው ልዩነቱ ያልታየው፣ ኢንፊኒት ላይ ሲኬድ ዶሜይኑ ወሳኝ ይሆናል። ይሄ ፈንክሽናል አናሊሲስ ነው፣ መግቢያው ደግሞ ሪል አናሊሲስ ነው። በ1932 ፎን ኖይማን ኳንተም ሜካኒክስን መሰረት ሲያስይዘው የተጨነቀውም በዚሁ ነው።

ሌላው ደግሞ ኮንቨርጀንስ ነው። ፊልድ ቲዎሪ ላይ ሁሉ ነገር ፐርተርቤሽን ሲሪስ ነው፣ ተርም በተርም እየደመራችሁ ትሄዳላችሁ። ፍሪማን ዳይሰን በ1952 የኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ሲሪስ ኮንቨርጅ እንደማያደርግ ሚያሳይ ክርክር አቀረበ። ክርክሩ አጭር ነው፣ ሲሪሱ ኮንቨርጅ ቢያደርግ ኖሮ ተመሳሳይ ቻርጆች ሚሳሳቡበት አለም ላይም መስራት ነበረበት፣ እንደዛ ያለ አለም ላይ ግን ቫክዩሙ ራሱ አይረጋም፣ ይፈርሳል። እና ዳይቨርጅ ሚያደርግ ሲሪስ እንዴት ሆኖ ነው የኤሌክትሮንን ማግኔቲክ ሞመንት ከአስር ዲጂት በላይ ትክክል ሚያወጣው? አሲምፕቶቲክ ሲሪስ ምን እንደሆነ ያልተማረ ሰው ጥያቄው ራሱ አይታየውም።

ቶፖሎጂን ያለ አናሊሲስ እንዳትነኪ። ኦፕን ሴት ምን ችግር ለመፍታት እንደመጣ ሳይገባሽ ዴፊኒሽን ብቻ ይዘሽ ትወጫለሽ። ደግሞ እዛ ምትማሪው ፖይንት ሴት ነው፣ ስትሪንግ ቲዎሪ ላይ ሚጠቀሙት ሆሞሎጂ፣ ሆሞቶፒ እና ፋይበር በንድል ነው፣ አንደኛው ኮርስ ላይ አይደረስም።

ሞንቴ_ካርሎ፦

እኔ ደሞ ትንሽ ልረብሽ። ኮንደንስድ ማተር ነኝ፣ ሲሙሌሽን ነው ምሰራው፣ እና እዚ ላይ ማንም ፕሮባቢሊቲ ያላለው ለምንድነው? ቲዎሪቲካል ፊዚክስ ሲባል ሁሉም ሰው ብላክ ሆል እና ስትሪንግ ብቻ ነው ሚያየው። ስታትስቲካል ሜካኒክስ በሙሉ ፕሮባቢሊቲ ነው፣ ፓዝ ኢንቲግራል ራሱ ኢማጂነሪ ታይም ላይ ስታዞሪው ፓርቲሽን ፈንክሽን ነው ሚሆነው። የጋውስ ኢንቲግራልን በብዙ ቫሪያብል መስራት፣ ሞመንት፣ ኩሙላንት፣ እነዚህን የለመደ ልጅ ፊልድ ቲዎሪ ላይ ኮኔክትድ ዳያግራም ሲባል ኩሙላንት ነው ብሎ ያልፋል፣ ሌላው በዲያግራም ስእል ይደናገራል።

ኒውመሪካሉንም አትናቂው። ፊልድ ቲዎሪን በወረቀት ብቻ መፍታት ማይቻልበት ቦታ አለ፣ ኳርኮች ፕሮቶን ውስጥ እንዴት እንደሚታሰሩ ለማስላት ኬኔዝ ዊልሰን በ1974 ስፔስታይምን ላቲስ (የነጥቦች መረብ) ላይ አስቀመጠው፣ በ2008 ደሞ የፕሮቶንን ማስ በዛ መንገድ በሱፐርኮምፒውተር አስልተው በጥቂት ፐርሰንት ልዩነት ከልኬቱ ጋር አገናኙት። ያ ሁሉ ሞንቴ ካርሎ እና ትልልቅ ማትሪክስ መገልበጥ ነው። (ስሜን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባችሁ።) ክሬዲቱን ለሌላ ኮርስ ካዋልሽው እሺ፣ ግን ፓይተን ለራስሽ ተማሪ፣ እሱ ኮርስ አይፈልግም፣ መብራት እና ላፕቶፕ ካለ ይበቃል።

ሊኒየር አልጀብራ ላይ ግን ከሁላችሁም ጋር ነኝ። ኦንሳገር በ1944 ባለ ሁለት ዳይሜንሽኑን አይሲንግ ሞዴል (ቀላል የማግኔት ሞዴል) ሲፈታ የሰራው የአንድ ግዙፍ ማትሪክስ ትልቁን አይገን ቫልዩ መፈለግ ነው።

ህልመኛዋ_ፎቶን፦

ኧረ እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። የትሬሱን ነገር አሁኑኑ ሰራሁት እውነትም ሁለት መስመር ነው፣ ለምን ክላስ ላይ አልተነገረንም ብዬ ተናድጃለሁ። መምህር ኤፕሲሎን፣ ኢንፊኒት ዌሉን ላለፈው ሚድ ስንት ጊዜ ፈትተነዋል እርሶ የጠየቁትን ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ ሊ ግሩፕም ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪም እኛ ጋ ማይሰጡ ከሆነ ከየት ነው ምማራቸው? ሁለተኛ ግሬድ። የአናሊሲሱ መምህር ሀይለኛ ነው ይላሉ፣ ሲ ይዤ ከወጣሁ ደሞ ውጪ ሳመለክት አያስቸግረኝም?

ትሪየስቴ_በጋ፦

ይሄን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ የአይሲቲፒን ዲፕሎማ በሃይ ኢነርጂ ዘርፍ ተምሬያለሁ። ለማያውቅ ሰው አይሲቲፒ ማለት አብዱስ ሳላም በ1964 ጣልያን ትሪየስቴ ላይ የመሰረተው የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማእከል ነው፣ ዲፕሎማው አንድ አመት ነው፣ ከታዳጊ ሀገር ለሚመጡ ተማሪዎች ነው፣ ወጪውን ማእከሉ ይሸፍናል። እህቴ ገጹን ከአሁኑ ማየት ጀምሪ።

እዛ ሊ ግሩፕ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው፣ ከዜሮ ነው ሚጀምሩት፣ ግን ሊኒየር አልጀብራው እንዳለሽ ቆጥረው ነው ሚሮጡት። የዲፕሎማው ሌክቸሮች ተቀድተው ዩቲዩብ ላይ በነጻ አሉ፣ ኔት ባለበት ቦታ አውርደሽ ዶርም ገብተሽ ማየት ነው። ሊኒየር አልጀብራ 2ን ስትጨርሺ ከኤስ ዩ ቱ ጀምሪ፣ አንጉላር ሞመንተምን ኳንተም ላይ ስለምታይው ግማሹን ሳታውቂው ተምረሽዋል ማለት ነው፣ ላደር ኦፕሬተር ሚባለው ነገር የሪፕረዘንቴሽን ቲዎሪ ነው፣ ስሙን አልነገሩሽም እንጂ። ከዛ ኤስ ዩ ስሪ። ጌልማን በ1961 በዛ ግሩፕ ፓርቲክሎቹን በቤተሰብ በቤተሰብ ደረደረ፣ አስሩ ባሉበት ቤተሰብ ውስጥ አንድ ቦታ ክፍት ሆነ፣ እዛ ጋ መኖር ያለበትን ፓርቲክል በ1962 ማሱን ጭምር አስቀድሞ ተናገረ፣ በ1964 ብሩክሄቨን ላይ ኦሜጋ ማይነስ ተገኘ። ዊግነር ደሞ ከሱ በፊት በ1939 ማስ እና ስፒን ማለት የፖንካሬ ግሩፕ ሪፕረዘንቴሽን መለያ ናቸው ብሎ አሳይቷል፣ ፓርቲክል ምንድነው ብሎ ለጠየቀ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም እስካሁን።

ጂኦሜትሪውን ከጄኔራል ሪላቲቪቲ ጋር ነው ምትማሪው፣ ብዙው ሰው እንደዛ ነው። አይንስታይን ራሱ በ1912 ዙሪክ ሲመለስ ነው የድሮ ክላስሜቱን ማርሴል ግሮስማንን ያዘው፣ የሪማንን እና የሪቺን ስራ ያሳየው ግሮስማን ነው፣ ቴንሰሩን እየተማረ ቲዎሪውን እየሰራ እስከ 1915 ሄደ። አንቺ ምትፈልጊው መነሻ የካልኩለስ 3 ቼይን ሩል እና ጃኮቢያን በደንብ መያዝ እና ዱዋል ስፔስን አለመፍራት ነው። ኢንዴክስ ወደላይ ኢንዴክስ ወደታች እያሉ ተማሪ ሚያሰቃዩት ነገር ዱዋል ስፔስ ነው፣ ይኸው ደሞ ተመልሰን ሊኒየር አልጀብራ 2።

ግሬዱን በተመለከተ፣ አፕሊኬሽን ሚያነብ ሰው ትራንስክሪፕት ላይ የከበዱ ኮርሶችን ማየት ይፈልጋል፣ ግን ሲ ተደርድሮ ማየት አይፈልግም፣ ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚ ሊኒየር አልጀብራ 2 እና ኮምፕሌክስን በግሬድ ውሰጂ፣ አናሊሲሱን መጀመሪያ አዲት አድርጊው (ያለ ግሬድ ተከታተይው)። ሬጅስትራር አዲት ካልፈቀደ መምህሩን ራሱን አስፈቅደሽ ከኋላ ቁጭ ማለት ነው፣ አንዳንዱ ዲፓርትመንት ይሄንንም ያካብደዋል ግን አብዛኛው መምህር እምቢ አይልም። ወርክሺቱን ግን ስሪ፣ ፕሩፍ ሌላው ሲጽፍ እያየሽ አይለመድም።

ኤፕሲሎን፦

በአዲቱ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ምእራፍ፣ ሱፕሪመም ኢንፊመም ሚለው፣ ደረቅ ነው፣ እዛ ላይ ብዙ ሰው ይሸሻል። ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ እስኪመጣ ታገሺ። ሊሚት እና ኢንቲግራል መቼ ቦታ መቀያየር እንደሚችሉ ሚነግርሽ እሱ ነው፣ የፊዚክስ መምህሮቻችሁ በየቦርዱ ሳይጠይቁ ሚቀያይሩትን።

ሀሚልቶንያን፦

መምህር እኛ እንቀያይራለን፣ ልክ ካልመጣ እንመልሰዋለን

እሺ፣ ከፓርሻል ዲፈረንሻሉ ጋር ሙጭጭ አልልም፣ ሜተድስ 2 ላይ ግሪን ፈንክሽን ካላችሁ ይበቃሻል። አውትላይኑ ላይ ከሌለ ግን ተመልሼ እከራከራለሁ።

ሞንቴ_ካርሎ፦

እና ፕሮባቢሊቲ እንዲሁ ቀረ ማለት ነው?

ህልመኛዋ_ፎቶን፦

አልቀረም ሃሃ፣ ሶስተኛዋን ክሬዲት ላንተ አስቀምጫታለሁ። በቀጣዩ ሴሚስተር ሊኒየር አልጀብራ 2 እና ኮምፕሌክስ፣ አናሊሲስ አዲት፣ ከዛ በኋላ ያለው ሴሚስተር ላይ ፕሮባቢሊቲን ወይ አናሊሲስን በግሬድ እንደሁኔታው። የሜተድስ 2 አውትላይን ላይ ግሪን ፈንክሽን አለ፣ ስቱርም ሊዩቪልም አለ፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ። አሁን ያለብኝ ችግር ኮምፕሌክስ እና የኳንተም ላብ ማክሰኞ ከሰአት ስለሚጋጩ ሰክሽን መቀየር ነው፣ ነገ ጠዋት የዲፓርትመንቱ ሃላፊ ቢሮ እሄዳለሁ።

ትሪየስቴ_በጋ፦

ጠዋት ከሆነ ሰው ሳይበዛ በጊዜ ሂጂ፣ የአድ እና ድሮፕ ፎርሙንም ከሬጅስትራር አስቀድመሽ ሞልተሽ ያዢ፣ ፊርማ ብቻ ነው ሚቀረው ካልሽው ቶሎ ይጨርስልሻል።